ቀሪው ክፍል

«እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም ልጄ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ስትስዪ ታድሪያለሽ፤ እኔም ልጆች አሉኝ። ለአባትሽ በገበያተኛ መልእክት ልኬለታለሁ። ዛሬ መጥቶ ይወስድሻል።»

የትናየት ይህን የሰማችው ፊቷን ታጥባ ሳትጨርስ ነው። የእሷን ክፍል ከጎረቤቱ ክፍል የሚለየው የጭቃ ግድግዳ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበት ሲያዩት ደህና ይመስላል እንጂ ድምፅ አይከለክልም። ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ክፍል ከገጠር መጥተው ዘጠነኛ ክፍል የሚማሩ ሴት ልጆች ተከራይተውታል። ሌሎቹ በጠዋት ወጥተዋል፤ የቀረችው ወለተ ሐና ብቻ ናት። የሚናገሩት አከራያቸው ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ናቸው። የትናየት ፎጣዋን እንደያዘች ቆማ የልጅቷን መልስ ጠበቀች።  በመልስ ፈንታ ያ የለመደችው ሳል መጣ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ሰው እንዳይሰማው በእጅ የታፈነ ሳል። ከመስከረም ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። ልጅቷ ጋደም ብላ ሳይሆን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ እንደምታድርም ከጋዜጣው መንሿሿት ታውቅ ነበር። ብርድ ነው ብላ ነበር የተወችው። የላስታ ብርድ ማንን አያስለው።

ወጥታ ወይዘሮ ፍቅርአዲስን ደጃፍ ላይ አገኘቻቸው። ባልዲ ይዘው የሚያደርጉትን ያጡ ይመስላሉ። «እትዬ፣ በዓመቱ መካከል ልጅ ከትምህርቷ ትወጣለች እንዴ?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ወደ ክፍሉ በር ገልመጥ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቲቢ ነው ይላሉ መምህርት። አንዴ ወሬው ከወጣ ይሄን ቤት ማን ይከራየኛል? ዘንድሮ እንደሆነ ፈረንጅ የለ፣ የባለቤቴ በቅሎዎች ሥራ ፈትተው ገለባ ይበላሉ። በኪራዩ ነው የምንኖር።»  እውነታቸውን ነው፤ የውጭ አገር ሰው የቀረበት ላሊበላ ምን እንደሚመስል የትናየትም በየቀኑ ታየዋለች። ወለተ ሐና ደብተሯን ታቅፋ ወጣች፤ ዩኒፎርሟ በቀበቶ ጠብቆ ታስሮ ቀጭን ወገቧን ይበልጥ ያቀጥነዋል። ምንም እንዳልተነገራት ሁሉ ጎንበስ ብላ «ደህና አደሩ» አለችና አቀበቱን ጀመረች። የትናየት ከኋላ ስታያት፣ ልጅቷ ጥቂት እየሄደች ትቆማለች፤ ሰው እንዳይጠረጥራት ጫማዋን እንደምታስር ጎንበስ ትላለች። ጫማዋ ግን ማሰሪያ የሌለው የፕላስቲክ ጫማ ነው።

የትናየት የወገል ጤና ከተማ ልጅ ናት፤ ባዮሎጂ ታስተምራለች። በምታስተምርበት ክፍል ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን የታሰረ ትልቅ ፕላዝማ አለ። ድሮ ከአዲስ አበባ በሳተላይት፣ በጥድፊያ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ተማሪው አፉን ከፍቶ ያየው ነበር፤ አሁን ሸረሪት አድርታበታለች። እሷ ስትመጣ ልጆቹ ሴል ማለት በጠመኔ የተሳለ ክብ ነገር ይመስላቸው ነበር። ሥዕሉን ሳይሳሳቱ ይገለብጡታል፤ ምንነቱን ቢጠየቁ ግን ያው ክብ ነገር ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ገደሉ ጫፍ ላይ ካለው ሆቴል ገብታ፣ የምሳ ዋጋ የሚያህል ሻይ አዝዛ፣ የራሷን ላፕቶፕ ከዋይፋዩ ጋር አገናኘች። እንግዳ ተቀባዩ አዳም ደግ ልጅ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ሻይ ባታዝም አይከለክላትም ነበር። ሴል ለሁለት ሲከፈል፣ ዘር አፈር ውስጥ ሲበቅል፣ ትንኝ ደም ስትመጥ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች እያወረደች ወደ ክፍል ይዛ ትገባ ጀመር። እንግሊዝኛውን ድምፅ ትዘጋውና በአማርኛ እራሷ ትተርከዋለች። ባዮሎጂ ባለበት ቀን ቀሪ ተማሪ ጠፋ። ጥያቄ ጠይቀው የማያውቁት ሴቶች ልጆች እጅ ማውጣት ጀመሩ፤ ከሁሉ ቀድማ የምታወጣው ደግሞ ወለተ ሐና ናት።

ዘንድሮ ግን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀና ኢንተርኔት ተዘጋ። ስለ ልብ የሚያስተምረው ቪዲዮ በሁለት ክፍል የተሠራ ነው። የመጀመሪያው ልብ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚታመም ያሳያል፤ ሁለተኛው እንዴት እንደሚታከም። የትናየት የመጀመሪያውን አውርዳ ጨርሳ፣ ሁለተኛውን እያወረደች ነበር መስመሩ የተቋረጠው። ይከፈታል ብላ ጠበቀች፤ ኅዳርም ወጣ፣ አልተከፈተም። ፈተና እየደረሰ ነው፤ ያለኝን ላሳያቸው ብላ ያን ቀን ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ገባች።

ልጆቹ ያለማንም ትእዛዝ መስኮቶቹን በጃኬትና በነጠላ ጋረዱ፤ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ ጫኑ፤ ሴቶቹ ከፊት ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ወንዶቹ ከኋላ ዴስክ ላይ ቆሙ። ደረቱ የተከፈተ ሰው፣ በውስጡም እየተኮማተረ የሚዘረጋ ቀይ ሥጋ ታየ። «እስክስታ ይመታል'ኮ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የትናየትም አብራ ሳቀች። ከዚያ ሥዕሉ ወደ ልብ ውስጥ ገባ፤ በልብ ክፍሎች መካከል ያሉት በሮች ተከፍተው ሲዘጉ፣ ደሙም አንድ ጊዜ ካለፈ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ሲከለክሉት ታየ። ሳቁ ቆመ። «እነዚህ በሮች በልጅነት ከጉሮሮ ተነሥቶ ጉልበትን በሚይዝ በሽታ ይጎዳሉ» አለች የትናየት ሥዕሉን እየተከተለች። «ጠርዛቸው ይጠጥራል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። እንደልብ አይከፈቱም፣ ገጥመውም አይዘጉም። ያን ጊዜ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ሰውየው ዳገት መውጣት ያቅተዋል። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ተቀምጦ…»

 ከፊት ከተቀመጡት መካከል ወለተ ሐና ተነሥታ ቆማለች።

«ቲቸር፣ እንደሱ የሆነ ሰው አቀበት ሲወጣ ልቡ እዚህ ጋ ይመታል?» ጣቷን ጉሮሮዋ ሥር አደረገች።

ልጆቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። ሥዕሉ መሄዱን አላቆመም፤ የማይገጥመው በር ይርገበገባል፣ ደሙ ወደ ኋላ ይረጫል። የትናየት የልጅቷን ጣት አየች። ያ ሁሉ ሌሊት፣ ያ የጋዜጣ መንሿሿት፣ ያ ጫማ ማሰር በአንድ ላይ መጣባት። «ይመታል» አለች በመጨረሻ። ወለተ ሐና የምትፈልገውን እንዳገኘ ሰው ራሷን ነቅንቃ ተቀመጠች።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቃ በባጃጅ ወደ ሆስፒታሉ ይዛት ሄደች። በመንገድ ላይ የትናየትን ያስደነገጣት የልጅቷ ፊት ነው፤ ወለተ ሐና ደስ ብሏት ነበር። «ስም አለው ማለት ነው» አለች በባጃጁ ጩኸት መካከል። «ሰው የሚለኝ ብዙ ነው። አክስቴ ሰው በልቷት ነው ትላለች። ልጆቹ ቲቢ ናት ብለው በኔ ብርጭቆ አይጠጡም። ለካ በር ነው፣ ቲቸር። በር'ኮ ይሠራል፣ አይደል? የተበላሸ በር ይሠራል።» የትናየት እጇን ያዘቻት። የጣቶቿ ጫፍ ይቀዘቅዛል።

ሸዕባን የሚባለው ጤና መኮንን ጊዜ ወስዶ አዳመጣት። ፊት ለፊት አዳመጠ፣ ጀርባዋን አዳመጠ፣ በግራ ጎኗ አስተኝቶ አዳመጠ፤ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቱ ሲጫነው ጉድጓድ ሆኖ ቀረ። ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ በልጅቷ ጆሮ ላይ አደረገላት፤ ለምን ቢባል ስሟን ከጠራ ጀምሮ ስለ ልብ ስትጠይቀው ነበር። ወለተ ሐና ዓይኖቿን ጨፍና የገዛ ልቧን ሰማች። «ነፋስ አለበት» አለች ቀስ ብላ። ሸዕባን ፈገግ ለማለት ሞከረ። ከዚያ መምህሯን ለብቻ ኮሪደር ላይ አወጣት። «ዘግይተናል» አላት። «ልቧ ሰፍቷል። እንክብል እሰጣታለሁ፣ በየወሩ የሚወጋ መርፌ ትጀምራለች፤ ያ እንዳይብስባት ነው እንጂ አይጠግነውም። የሚጠግነው ቀዶ ሕክምና ነው። አዲስ አበባ ልልካት እችላለሁ። ግን እህቴ፣ እዚያ ወረፋ የሚጠብቀው ልጅ ብዛት… ዓመታት ነው። እሷ ዓመታት የላትም።» ቀጥሎም «ቤተሰቦቿ የት ናቸው?» አለ። ከይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከዳገቱ በላይ ነው አለችው። ሸዕባን ግንባሩን አሻሸ። «ዳገት» አለ።

ሲመለሱ አባቷ አቶ ገብረመስቀል ግቢው ውስጥ ቆመዋል። በቅሏቸው ተጭናለች፤ የወለተ ሐና ፍራሽ ተጠቅልሎ፣ ድስቷና ሽሮዋ በጆንያ ሆኖ ታስሯል። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ልጃቸው ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ራሷን ሳሙና እጃቸውን እዚያው ጸጉሯ ላይ አቆዩት።  ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ከበራቸው ላይ ሆነው «በጸበሉ ትድናለች፣ አይዞህ» አሉ። የትናየት ወደ ክፍሏ አስገባቻቸው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ መጻሕፍት የተደረደሩበት የቢራ ሳጥን። አባት ወንበሩ ላይ አልቀመጥም ብለው መደብ በሚመስለው የአልጋው ጫፍ ላይ አረፍ አሉ። ሐኪሙ ያላትን ነገረቻቸው፤ የቻለችውን ያህል አለስልሳ ነገረቻቸው። «ከእኔ ጋር ትቀመጥ አባቴ። አልጋዬ ይበቃናል። መርፌውም እዚህ ነው፣ ሐኪሙም እዚህ ነው።»

«ቲቸር፣ ለአባዬ አሳዪው» አለች ወለተ ሐና።

የትናየት መከልከል አልቻለችም። ላፕቶፑን ከፍታ ፊታቸው አደረገችው። አቶ ገብረመስቀል ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ይመስል ኮፍያውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ልጃቸው ከጎናቸው ሆና በጣቷ እያሳየች አስረዳቻቸው፤ ይሄ ደም ነው፣ ይሄ በር ነው፣ እዚህ ጋ ነው የማይገጥመው፣ እኔ ጋ ያለው ይሄ ነው። በየመካከሉ ትንፋሽ ለመሳብ ታቆማለች፤ እሳቸው ሥዕሉን ትተው እሷን ያያሉ። ሥዕሉ ሲያልቅ ማያው ጠቆረ።

«የማን ልብ ነው?» አሉ።

«አላውቅም አባቴ። ለትምህርት የተቀረጸ ነው።»

«ሰውየው ዳነ?»

«እሱ… ቀሪው ክፍል ላይ ነው ያለው።»

«ያሳዩኛ፣ መምህርት።»

«እኔ ጋ የለም። ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ተዘግቷል።» ይህን ብላ እንኳ አላስቻላትም። ቆዩኝ ብላ ላፕቶፑን ብብቷ ሥር አድርጋ እስከ ሆቴሉ ሮጠች። አዳም ባዶው አዳራሽ ውስጥ ወንበሮቹን አቧራ ሲያራግፍ አገኘችው፤ ገና ከበሩ ሲያያት ራሱን ወዘወዘ። ቢሆንም ዋይፋዩን አስጀመረላት፣ ሞከሩት፣ እንደገና ሞከሩት። ያቺ ትንሽ ክብ ምልክት ማያው ላይ ዝም ብላ ትሽከረከራለች። ከመስኮቱ ባሻገር ሸለቆው፣ ከሸለቆውም ወዲያ ማዶ ያለው ተራራ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። «በቃ ተይው፣ እህት ዓለም» አላት አዳም።

ባዶ እጇን ስትመለስ አቶ ገብረመስቀል ልጃቸውን በቅሎ ላይ አውጥተዋል። የትናየት እያለከለከች ራሷን ስትወዘውዝ አዩ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሲያከብሯት የነበሩት ሰው አንቺ ሲሉ የሰማቻቸው ያን ጊዜ ነው።

«ታዲያ ቀሪውን ሳትይዢ ለምን አሳየሻት?»

ድምፃቸው አልጮኸም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። «አባዬ፣ እኔ ነኝ የጠየቅኋት» አለች ወለተ ሐና ከበቅሎዋ ላይ። እሳቸው ግን የልጓሙን ጠፍር እያስተካከሉ ነበር። «እናቷ ትያት» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። የትናየት እንክብሉን በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠቻት፤ የመርፌውን ቀን ደጋግማ ነገረቻት። ልጅቷ ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ እያስተካከለች «ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ ቲቸር፤ እስከዚያ ምዕራፉን እንዳትጨርሺብኝ» አለች። በቅሎዋ ተንቀሳቀሰች። ከግቢው በር ወጥተው ቁልቁሉን እስኪያልፉ ድረስ የልጅቷ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ለአባቷ አንድ ነገር ታስረዳለች። «ተይ አትናገሪ፣ ይደክምሻል» ሲሏት የትናየት ሰማች። ልጅቷ ግን አላቆመችም። የትናየት ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ከግድግዳው ወዲያ ምንም የሚንሿሿ ነገር አልነበረም።

ወለተ ሐና ጥምቀትን አላየችም። ስንቃቸውን ሊያመጡ የሄዱት ጓደኞቿ እሑድ ጠዋት ሲመለሱ ለየትናየት ነገሯት። ለመርፌው ልትወርድ ተነሥታ ነበር አሉ፤ ግን እግሯ ስላበጠ በቅሎ ላይ መቀመጥ አቃታት፤ ዓርብ ማታ አረፈች፣ ቅዳሜ ተቀበረች። የትናየት በዚያው ዕለት ጥቁር ነጠላ ለብሳ እስከ መገንጠያው በአይሱዙ፣ ከዚያም በእግሯ ወጣች። ዳገቱ አያልቅም። እሷ ጤነኛዋ እንኳ እየቆመች ነው የወጣችው፤ በቆመች ቁጥር ይህን መንገድ ያቺ ልጅ በየሳምንቱ ስንቋን ተሸክማ ትመላለስበት እንደነበር ታስባለች፤ ስታስብ ደግሞ መሄድ ያቅታታል። የአባቷን ዓይን እንዴት እንደምታይ አላወቀችም። ያች ጥያቄያቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዋ ወጥታ አታውቅም፤ ክፍል ውስጥም፣ ምሳ ላይም፣ ፈተና ስታርምም አብራት ነበረች።

ለቅሶ ቤቱ ደጅ ላይ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። አቶ ገብረመስቀል ሲያዩአት ተነሡ፤ ሰዎቹም ዞሩ። የትናየት እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዘው አስነሧት፣ አጠገባቸውም አስቀመጧት። ከሲታ ሆነዋል። ጎረቤቶቹ ስለ ምርቱና ስለ ውርጩ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ። አቶ ገብረመስቀል ወደ እሷ ሳይዞሩ ጀመሩ። «በየምሽቱ ታስተምረን ነበር። ተኝታ አይሆንላትም፤ ምሰሶውን ተደግፋ፣ እሳቱ ዳር፣ እናቷንም እኔንም። ልብ እንዲህ ነው፣ ሳንባ እንዲህ ነው እያለች። ጎረቤቱም ይመጣ ነበር። በሽታው ከጉሮሮ ይነሣል አለችን። ጉሮሮ ያማል፣ ይድናል፤ ከዚያ ጉልበት ያማል፣ እሱም ይድናል፤ ሰው ዳንኩ ሲል ልቡን ይይዘዋል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እንዲህ ነበር የጀመረኝ አለችን።»

ወደ ቤቱ በር ተጣሩ። «ንጋት!»

ትንሽ ልጅ እያነከሰች ወጣች። የወለተ ሐና ታናሽ ናት፤ ዓይኖቿ የእህቷን ይመስላሉ። አባቷ ወደ ጉያቸው አስጠግተው ጉልበቷን ገለጡላት፤ አብጦ ይሞቃል። «ከገና በፊት ጉሮሮዋን አሟት ተሻላት። አሁን ደግሞ ጉልበቷ ነው፤ ትናንት ያኛው ነበር፣ ዛሬ ወደዚህኛው ዞሯል። እናቷ በሐዘን ነው ትላለች። እኔ ግን ልጄን ሰምቻታለሁ።» አሁን ወደ የትናየት ዞሩ። «መምህርት፣ ይቺስ ጊዜ አላት?»

የትናየት ትኩሱን ጉልበት በእጇ ያዘች፤ ሐኪም አይደለችም። ሆኖም ሸዕባን ስለ መርፌው ያላትን አስታወሰች፤ እንዳይብስ ያደርጋል ነበር ያለው። «አላት» አለች እንባዋ እየወረደ። «አሁኑኑ ካየናት አላት።»

አቶ ገብረመስቀል ተነሥተው ወደ በቅሏቸው ሄዱ። ኮርቻውን ሲያነሡ ጎረቤቶቹ መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር። ሽማግሌው አረጋ በምርኩዛቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። «ገብረመስቀል፣ ሠልስቱ ነገ አይደለም እንዴ? ቤትህን ለቅሶ ሞልቶት ወዴት ነው?»

እሳቸው እጃቸውን ከመጫኛው ላይ አላነሡም። «ለሟቿ እናንተ አላችሁላት» አሉ።

 ንጋትን አንሥተው ኮርቻው ላይ አስቀመጧት። እናትየዋ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣች፤ ከዓርብ ጀምሮ ያላወለቀችውን የሐዘን ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ የልጅቷን እግሮች ጥቅልል አድርጋ ሸፈነቻቸው። ከዚያ በቀሚሷ ብቻ፣ በብርዱ ውስጥ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጥፋ ቆመች።